አይኤፍኤስን መቀየር ለሉፕ መድኃኒት አይሆንም

ሼል ስክሪፕት፣ ማለትም ሼል የተባለው ፕሮግራም በተራ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች የያዘ ፋይል፣ የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን የሚገጥመው ችግር አለ። በፎልደሩ ውስጥ «ሪፖርት ሰኔ» የሚባል ፋይል ሲኖር፣ የፋይሎችን ስም በሚዘረዝረው በኤልኤስ (ls) ትእዛዝ ውጤት ላይ የሚዞረው የፎር (for) ሉፕ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቃል ሥራውን የሚደግመው ትእዛዝ፣ ለዚያ ፋይል ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ መጀመሪያ «ሪፖርት»ን፣ ቀጥሎ «ሰኔ»ን ያነሳል። ሉፑ ስሙን የሚያትም ብቻ ከሆነ ነገሩ ያስቃል፤ የሚሰርዝ ከሆነ ግን እዚያው «ሪፖርት» የሚባል ሌላ ፋይል ቢኖር ባልታሰበበት ይጠፋል።

ሼሉ በትእምርተ ጥቅስ ያልተከበበን ተለዋዋጭ (ይዘት የሚይዝ ስም) ወይም የትእዛዝ ውጤት ሲዘረጋ፣ ማለትም በቦታው ይዘቱን ሲተካ፣ አይኤፍኤስ (IFS) በተባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ባሉት ምልክቶች ይቆራርጠዋል፤ ካልተቀየረ በቀር እነርሱም ክፍት ቦታ፣ ታብ እና አዲስ መስመር ናቸው። ስለዚህም «ስክሪፕቱ አናት ላይ አይኤፍኤስን አዲስ መስመር ብቻ አድርገው» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰጣል። እኔ ይህን ምክር አልቀበለውም።

ለውጡ ከሉፑ ጋር አያበቃም፤ መልሶ የሚያስተካክለው ከሌለ እስከ ስክሪፕቱ መጨረሻ ይዘልቃል። ከሠላሳ መስመር በታች፣ ምናልባትም ሌላ ሰው የጻፈው፣ «ሰኞ ማክሰኞ ረቡዕ» የሚል ጽሑፍ በያዘ ተለዋዋጭ ላይ የሚዞር ሉፕ ቢኖር፣ ሦስቱን ቀኖች እንደ አንድ ቃል ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ሼሉም ይህን እንደ ስህተት ስለማይቆጥረው ዝም ይላል። (ቃላቱ በፎር መስመሩ ላይ በቀጥታ ቢጻፉ ኖሮ ምንም አይሆኑም ነበር፤ አይኤፍኤስ የሚቆርጠው ተዘርግቶ የመጣውን ብቻ ነውና። ስህተቱን ለሚያፈላልግ ሰው ይህ ልዩነት ራስ ያዞራል።)

ደግሞም ምክሩ የተነሣበትን ችግር አይፈታም። በዩኒክስ የኮምፒውተር ሥርዓት የፋይል ስም ከስላሽ እና ከዜሮ ባይት በቀር ማንኛውንም ነገር ሊይዝ ስለሚችል፣ አዲስ መስመርም የስም አካል ይሆናል። ከመቆራረጡ ቀጥሎም ሼሉ ኮከብ ምልክት (*) ያለበትን ቃል ከፋይል ስሞች ጋር ያዛምዳል፣ በሚስማሙት ስሞችም ይተካዋል፤ አዲስ መስመር ብቻ የያዘ አይኤፍኤስ ይህን አያስቀረውም።

በፋይሎች ላይ ለመዞር ኤልኤስ ጭራሹን አያስፈልግም። ኮከቡን በፎር መስመሩ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ከእርሱ የሚወጡት ስሞች አይቆረጡም፣ በሉፑ ውስጥ ግን ተለዋዋጩ በድርብ ጥቅስ መከበብ አለበት።

አይኤፍኤስን መንካት ተገቢ የሚሆነው አንድ መስመር ከሚያነበው ከሪድ (read) ትእዛዝ ፊት፣ በዚያው መስመር ላይ ሲጻፍ ነው፤ ለውጡ ለዚያች ትእዛዝ ብቻ ይሠራልና። የተጠቃሚዎችን ዝርዝር የሚይዘው የፓስወርድ ፋይል በየመስመሩ በሁለት ነጥብ (:) የተለያዩ ሰባት መስኮች አሉት፤ በዋይል (while) ሉፕ መስመር በመስመር ሲነበብ አይኤፍኤስን ሁለት ነጥብ ማድረግ ትክክለኛው መንገድ ነው። ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ቢደጋገም በመካከሉ ያለው ባዶ መስክ ይጠበቃል፤ ክፍት ቦታ ቢሆን ግን የተደጋገመው ሁሉ እንደ አንድ ይቆጠርና መስኮቹ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ።