በልቼ ነው የመጣሁት

አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ከምሳ በፊት የሚነገረው ውሸት ለብቻው መዝገብ ቢከፈትለት አያንሰውም። «መገናኛ ደርሻለሁ» የሚለው ጓደኛ ገና ፎጣ እንዳገለደመ ነው። አስተናጋጁ «እየወጣ ነው» የሚለን ጥብስ ሽንኩርቱ አልተላጠም። እነዚህን ለምደናቸዋል፤ ቢበዛ ያስርቡናል እንጂ ኪስ አይነኩም። እኔን ሰሞኑን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ «እኔ እንኳ በልቼ ነው የመጣሁት» የሚሉት ውሸት።

ይህን የሚለው ወዳጃችን ስሙ ይቆየን። እኔ ስሙን በሆዴ ይዤዋለሁ፤ እሱ በሆዱ የያዘው ደግሞ የእኛን ምሳ ነው። ሥጋ ቤቱ ቦሌም ይሁን ሃያ ሁለት ሥርዓቱ አንድ ነው። መጥቶ ይቀመጣል፣ ሜኑውን በሁለት ጣቱ ገፋ ያደርጋል፣ «ለእኔ አምቦ ውሃ ብቻ» ይላል። እኛ አራት ነን፤ ለአራት እናዛለን። የሥጋ ኪሎ ዋጋ ሲነገረን እርስ በርስ የምንተያይበት ዘመን ስለሆነ ለአራት ስንል ለአራት ነው፣ ትርፍ የለውም። ግማሹ ቁርጥ፣ ግማሹ ደረቅ ጥብስ፣ ሥጋ ለማይስማማው ተጋቢኖ። ታጥበን ስንመለስ ወዳጃችንም ታጥቦ ተቀምጧል። የበላ ሰው ለምን እንደታጠበ የሚጠይቀው የለም።

ከዚያ «እስኪ ልቅመሳት» ይጀመራል። ቁርጧን በአዋዜ ይቀምሳል። በአዋዜ የቀመሰ ሰው በሚጥሚጣ ካልሞከረው ልዩነቱ አይገባውምና በሚጥሚጣ ይሞክራል። ሰናፍጩም ቅር እንዳይለው ይታያል። ጥብሱ ሲመጣ «ይቺ ሮዝመሪዋ በዝቷል» ብሎ አስተያየት ይሰጣል፤ አስተያየቱ እርግጠኛ እስኪሆን ድረስ አያቆምም። እንጀራ ሲያልቅ አጨብጭቦ የሚያስጨምረውም እሱ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ፊቱ ላይ የዋህነት ይነበባል። «ያው የእኔ አምቦ ውሃዋ ናት አይደል?»

በጣም የምወደው ተረት አለ፦ «የበላችው ያገሳታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል።» ሰው ይህን ተረት ሲተርት ሁልጊዜ ሴትዮዋ ላይ ይፈርዳል። እኔ ግን ስሰማው የሚያናድደኝ ያ አጉራሹ ነው። የተራበው ዓይኑ እየተንከራተተ ለጠገበች የሚጠቀልል ይህ ቸር ማነው? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ በጠረጴዛችን ላይ አለች። አንዲት ሆደ ቡቡ ጓደኛ አለችን። ወዳጃችን «በልቻለሁ» ባለ ቁጥር አንጀቷ ይላወሳል። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ብላ ከጥብሱ መሃል ምርጥ ምርጡን ለቅማ በአዋዜ አጥቅሳ ታጎርሰዋለች። አንዱ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለተኛው ያፋቅራል ስለሚባል ይደገማል። እኔ እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። አልበላሁም። ለምን አልበላሁም? በልቻለሁ ስላላልኩ! በዚህ አገር ለመጉረስ መጀመሪያ መጥገብን ማወጅ ያስፈልጋል።

ለነገሩ በልቻለሁ ማለትን ማን አስተማረን? እናቶቻችን ናቸው። ጎረቤት ዕቃ አድርስ ተብለን ስንላክ ከደጅ ሳንወጣ «እንብላ ቢሉህ በልቻለሁ በል፣ ወዮልህ!» እንባላለን። ችግር አልነበረውም፤ ጨዋታው ሕግ ነበረውና። ልጁ በልቻለሁ ይላል። ባለቤቷ «ኧረ አፈር ስሆን!» ትላለች። ልጁ «እውነቴን ነው፣ አሁን ነው የበላሁት» ይላል። እሷ ትቆጣለች፤ «ቁጭ በል አልኩህ!» በሦስተኛው ላይ ልጁ እንደተገደደ ሆኖ ወደ መሶቡ ይጠጋል። ማንም አልተዋሸም፣ ማንም አልተራበም፣ እናትም ስማቸው አልጠፋም።

እኛ ሰፈር ታዲያ አንዲት እትዬ ነበሩ፣ ይህን ሕግ የማያውቁ፣ ወይም አውቀው የጣሱ። የፋሲካ ማግስት ነው። የተበደርነውን ብርጭቆ እንድመልስ ተልኬ ገባሁ። ቤቱ በዶሮ ወጥ ታጥኗል። መሶቡ ተከፍቷል፣ ከጎኑ ድፎ ዳቦ ተቆርሷል። «ና ልጄ፣ እንብላ» አሉኝ። «በልቻለሁ» አልኩ፣ ቀጣዩን ልመና እየጠበቅሁ። «እሰይ! የእናትህ ልጅ!» ብለው መሶቡን ከደኑት። ክድን! የክዳኑ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሴትዮዋ ካረፉ ቆይተዋል፤ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ግን ስለዚያ መሶብ እስካሁን አልማርኳቸውም።

ይህን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። ያን ጊዜ በልቻለሁ ያለ ሰው ውሸቱን የሚከፍለው በራሱ ሆድ ነበር። እኔ ከፍያለሁ፣ ያውም በፋሲካ። የዛሬው በልቻለሁ ባይ ግን ውሸቱን የሚያስከፍለው እኛን ነው፤ ያውም 15 በመቶ ቫት ተደምሮበት። ቫቱን ካነሳን ደግሞ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋና ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ ጨርሶ አይተዋወቁም። ከሜኑው ግርጌ፣ መነጽር ላለው ሰው ብቻ፣ «ዋጋው ቫትና የአገልግሎት ክፍያን አይጨምርም» ተብሎ ተጽፏል። ታዲያ ምንድነው የሚጨምረው? ሰው ጥብስ ሲያዝ ሒሳብ መምህር ይዞ ይምጣ? ከዚያ በኋላ የአገልግሎት 10 በመቶ በስሙ የተቆረጠለት አስተናጋጅ ደግሞ ጉርሻ ጠብቆ ፈገግ ብሎ ይቆማል። የሚያስቆጣኝ እሱ አይደለም፤ ያ 10 በመቶ ለእሱ ደርሶት ቢሆን ኖሮ ምን ያስቆመው ነበር?

ከፍሎ መብላት ድሮም ለዚህ ከተማ ሰው አልዋጥለት ብሎ ነበር። ፒያሳ ያለው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲከፈት፣ ሲወራ እንደኖረው፣ ሰው ለእህል ገንዘብ መክፈልን ነውር አድርጎት እግሩን ሰብስቦ ነበር አሉ። ኋላ አጤ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው ነው ያስለመዱት ይባላል። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። መብላቱን ለምደናል። መክፈሉ ላይ ግን ንጉሥ ጠባቂ ብዙ ነው።

በእርግጥ መሃል ላይ አንድ ደግ ዘመን ነበር፤ ሰው ለመክፈል የሚታገልበት። «በእናትህ! ዛሬ የእኔ ነው!» እየተባለ እጅ ይጠመዘዛል፣ ብር አስተናጋጁ ኪስ ውስጥ በግድ ይጠቀጠቃል፣ ወንበር ይወድቃል። የማያውቅ ሰው ፖሊስ ሊጠራ ይችል ነበር። ዛሬ ሒሳቡ ሲመጣ ትግል የለም፣ ፍልሰት ነው ያለው። አንዱ መታጠቢያ ቤት ይሄዳል። አንዱ ድንገት ስልክ ይደወልለታል፣ ያውም ያልጮኸ ስልክ። ብር አልያዝኩም የሚለው ሰበብ ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ አላስኬድ ብሏል፤ በምትኩ «ኔትወርክ የለም» ተተክቷል። በዚያው ሰዓት ያው ስልክ ቲክቶክ ያጫውታል።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ፤ ባለፈው እሑድ ደብረ ዘይት ላይ ያለው ነገር ከሆዴ አልወጣልኝ ብሏል። አየር እንቀይር ተባለና ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ይዘን ወረድን። አየር መቀየር ማለት ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ያን የመሰለ ሐይቅ ከፊት ተዘርግቶ ሳለ፣ ሰው ሁሉ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ያያል፤ የእንግሊዝ ኳስ አለበት። ለዚህ ለዚህ ሰፈራችን ምን አነሰው? ሐይቁን የሚያየው ስልካችን ብቻ ነው። ምግብ ሲመጣም መጀመሪያ የሚበላው ስልኩ ነው፤ «ማንም እንዳይነካ!» ይባልና ዓሣው ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ሲነሳ ይቀዘቅዛል።

ብቻ አስተናጋጇ መጥታ ምን ልታዘዝ ስትል ወዳጃችን ሜኑውን ገፋ አደረገ። «እኔ እንኳ በልቼ ነው የመጣሁት።»

አስቡት። ከአዲስ አበባ ጀምሮ በአንድ መኪና ነው የመጣነው። ከጠዋት ጀምሮ ጉልበቱ ጎኔን ሲወጋኝ ነው የዋለው። የት ነው የበላው? የፍጥነት መንገዱ ክፍያ መቁረጫ ላይ? ዓሣው እስኪመጣ ታገስኩና፣ ሁለተኛውን ሲያገላብጥ፣ በለሆሳስ «የት ነው የበላኸው?» አልኩት። እሾህ ከጥርሱ መሃል እየነቀለ «ቁርስ» አለኝ።

ማታ ስንመለስ የነዳጁ መዋጮ ተሰላ። ለአምስት ተካፈለ። ወዳጃችን ቅር እንዳለው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። «እኔ እኮ» አለ፣ «መሃል ላይ ነው የተቀመጥኩት፤ መስኮት እንኳ አልደረሰኝም።» ሆደ ቡቧ ጓደኛችን ወደ እሱ ዞረች፣ አንጀቷ ሲላወስ አየሁት፤ «ውነቱን እኮ ነው» ብላ ለአራት እንድናካፍለው ጠየቀችን።