አራት ፊደል

ሐምሌ ላይ ሐዋሳ እህቴ ቤት ነበርኩ። አንዲት የሰፈር እናት አርፈው ሰፈሩ በሙሉ ድንኳን ገብቷል። የእህቴ ልጅ ብቻ ክፍሏ ቀረች። ልጠራት ስገባ ስልኳን አሳየችኝ። «አጎቴ፣ እኔ ኢንትሮቨርት ነኝ። ሰው ሲበዛ ይደክመኛል። የፀባይ ቴስቱም ይኸው።» አራት ፊደል ስክሪኑ ላይ ተደርድሯል።

ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ። ሚኒያፖሊስ የምሠራበት ቢሮ ሁላችንንም አስፈትኖን ነበር። ውጤታችን ከስማችን ሥር ተጽፎ ጠረጴዛችን ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ ዝም ስል «እሱ ዓይነቱ ነው» ተብዬ ታለፍኩ። ዝም የምለው ግን እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንብኝ ነበር። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ያ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የማውቀውን ነገርኳት። ነገሩ የሚጀምረው ከስዊዘርላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ከካርል ዩንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ የሰው ቀልብ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ያደላል አለ። ያደላል ነው ያለው። ኢንትሮቨርት የሚባለው ወደ ውስጥ የሚያደላው ነው፤ ጥርት ያለ ኢንትሮቨርት ግን አለ አላለም። አራቱን ፊደል የሚያወጣውን መጠይቅ ያዘጋጁት ደግሞ አሜሪካውያን እናትና ልጅ ናቸው፤ ካትሪን ብሪግስና ኢሳቤል ማየርስ። ሁለቱም ሥነ ልቦና አልተማሩም። ኢሳቤል የጀመረችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ሰው የሚስማማውን ሥራ እንዲያገኝ አስባ ነው። ሐሳቧ ቅን ነበር። ግን ሰውን ለእያንዳንዱ ፊደል ከሁለት ጎራ በአንዱ እየመደቡ በ16 ዓይነት ከፋፈሉት። መሀል ላይ ያለ ሰው በአንድ ሁለት ጥያቄ ልዩነት ወዲያኛው ጎራ ይገባል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግመው ሲፈተኑ ብዙዎች ፊደል የሚቀየርባቸው ለዚህ ነው። የዛሬ ተመራማሪዎች ፀባይን የሚለኩት በመጠን ነው፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብዙ እያሉ።

እኛም ስም እንለጥፋለን። «ዓይን አፋር ናት» የተባለች ልጅ እስክትዳር አይለቃትም። ይኼም ያሳዝነኛል። ቢሆንም እዚህ ስሙን የሚያወጣልሽ ሰው አብሮሽ ይኖራል፤ በደስታም በሐዘንም ያይሻል፤ ሐሳቡንም ይቀይራል። ሚኒያፖሊስ የጎረቤቴን መሞት ያወቅሁት ዕቃው ደጅ ሲወጣ ነው።

«ማውራት የለብሽም» አልኳት። ነጠላዋን አንስታ ተከተለችኝ።

ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የድንኳኑን ሸራ ያርገበግበዋል። ሴቶቹ ንፍሮ በሰሃን ያዞራሉ። የእህቴ ልጅ ማንንም አላዋራችም። ቀጥ ብላ ሄዳ የሟቿ ልጅ አጠገብ ቁጭ አለች። «እግዜር ያጥናሽ» እንኳ ያለቻት አልመሰለኝም። ሐዘንተኛዋ ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ ጣለች። አመሻሹ ላይ ልንሄድ ስንነሳ «እሷን ተዉልኝ» አለችን።