አንድ ቅዳሜ ብቻ ቢኖራችሁ፦ መቶ ሺህ ሰው ጋ ወይስ ሰባት ሺህ ሰው ጋ?

የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይጀምርና እስከ ኅዳር ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ይቀጥላል። ብዙዎቻችን ከጨዋታው ጋር የምንተዋወቀው ልጆቻችን ኮሌጅ ሲገቡ ነው። ሕጉ አይገባንም። ጨዋታው ለምን በየደቂቃው እንደሚቆምም አይገባንም። ድባቡ ግን ለማንም ይገባል። ስለዚህ ለሁለት ሰዎች አንድ ጥያቄ አቀረብን፦ ጨዋታውን በቅጡ የማያውቅ ሀበሻ፣ ለድባቡ ብሎ ለአንድ ቀን ብቻ ስታዲየም ቢገባ የት ይግባ?

አንዷ ተከራካሪ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምራ እዚያው ኮሎምበስ የቀረች ናት። «ትልቁ ጋ ሂዱ» ትላለች። ሌላው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ፣ ልጃቸውን ዲሲ ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ አባት ናቸው። «ቅርቡ ጋ ሂዱ» ይላሉ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከኮሎምበስ

በቅድሚያ ጋሼን በታላቅ አክብሮት ሰላም እላለሁ። ክርክሩ ግን ክርክር ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ሺህ ሰው በላይ የሚይዙ ስታዲየሞች ስምንት ናቸው። ስምንቱም የኮሌጅ ናቸው። ያ ሁሉ ቢሊዮን ዶላር የሚንቀሳቀስበት የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ አንድም የለውም። ደግሞ ያሉበትን ቦታ እዩ። ኒውዮርክ አይደለም፣ ቺካጎ አይደለም። ስቴት ኮሌጅ፣ ኮሌጅ ስቴሽን፣ ኖክስቪል፣ ባተን ሩዥ፣ ታስካሉሳ። ግማሾቻችሁ ካርታ ላይ አታገኟቸውም። የስቴት ኮሌጅ ከተማ ነዋሪ አርባ ሺህ ገደማ ነው፤ እዚያው ያለው የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ደግሞ ከመቶ ሺህ በላይ ይይዛል። ሳምንቱን ሙሉ ጭር ያለች ከተማ ቅዳሜ ጠዋት ከራሷ ሕዝብ እጥፍ በላይ እንግዳ ታስተናግዳለች። ይሄንን የትም አገር አታዩትም።

ባተን ሩዥን ውሰዱ። የሉዊዚያና ስቴት፣ ባጭሩ የኤልኤስዩ ስታዲየም። ደጋፊው «የሞት ሸለቆ» ይለዋል። እዚያ ጨዋታ የሚወደደው ማታ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ፓርኪንጉ ሁሉ በድስት ይሞላል፤ ጉምቦ፣ ጃምባላያ፣ የማይበስል ነገር የለም። የማታውቁት ሰው ሳህን ይሰጣችኋል። ስታዲየሙ አጠገብ በሕይወት ያለ ነብር አለ፤ የዩኒቨርሲቲው ነው፣ ሄዶ ማየት ነፃ ነው።

ኦክቶበር 8 ቀን 1988 ማታ እዚያ ከኦበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር እየተጫወቱ ነበር። ኤልኤስዩ 6 ለ 0 እየተመራ ነው። ሁለት ደቂቃ እንኳን አልቀረም። በመጨረሻው ሙከራ ቶሚ ሆድሰን ለኤዲ ፉለር ወረወረለት። ተችዳውን! (ኳሱን ይዞ የሜዳው ጫፍ መድረስ ነው፤ ስድስት ነጥብ፣ ከተከታዩ ምት ጋር ሰባት።) 7 ለ 6። በዚያች ቅጽበት ሕዝቡ ሲዘል፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መዘገበው። እስከ ዛሬ «የመሬት መንቀጥቀጡ ጨዋታ» ይባላል።

የኔውን ቤት ደግሞ እንዴት ልዝለለው? ኦሃዮ ስታዲየም በ1922 ነው የተከፈተው፤ ዛሬ ወደ 103 ሺህ ሰው ይይዛል። የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ባንድ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለው፤ ጡሩንባና ከበሮ ብቻ ነው። ሜዳው ላይ እየተራመዱ በሰውነታቸው «ኦሃዮ» ብለው ይጽፋሉ፣ ያውም በእጅ ጽሑፍ ቅርጽ። ከ1936 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። በመጨረሻ አንድ የሱሳፎን ተጫዋች (ያ ትከሻ ላይ የሚጠመጠመው ግዙፍ ጡሩንባ) እግሩን እያነሳ ከመስመሩ ይወጣና «አይ» የምትባለው ፊደል አናት ላይ ይቆማል። ነጥቧ እሱ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ ግራና ቀኝ እጅ ይነሳል። ስታዲየሙ ይፈነዳል። ለአንዲት ነጥብ!

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይህች እህታችን አንደበቷ ጥሩ ነው፤ ሰው ነብር ሊያይ መኪና ሳያስነሳ ቶሎ ልመልስ።

መቶ ሺህ ሰው መሀል መቀመጥ ማለት ምን ማለት ነው? ለእንግዳ የሚደርሰው ቲኬት ከላይ፣ ከጥግ ነው። ደህናው ወንበር በየዓመቱ ገንዘብ ለሚለግስ ሰው ተይዟል። ከዚያ ከፍታ የተጫዋቹን ቁጥር ማንበብ አይቻልም። የምታዩት ስክሪኑን ነው። ስክሪን ለማየት ከሆነ እኔ ሶፋዬ አለኝ፤ ቡናዬም አጠገቤ ነው።

ደግሞ ጩኸትን ከወንበር ብዛት ጋር አታያይዢው። የሚሺጋን ስታዲየም 107,601 ወንበር አለው፤ በአሜሪካ ትልቁ ነው። ግን ለረጅም ዘመን በጸጥታው ሲታማ ኖሯል። ሰፊና ዝርግ ስለሆነ ድምፁ ወደ ሰማይ ያመልጣል። በሁለቱ ጎን ረጃጅም ሕንፃ ሲጨመርለት ነው፣ ያም በ2010 ያለቀ ሥራ ነው፣ ትንሽ ድምፅ ማሰማት የጀመረው። ሲያትል ያለው ሀስኪ ስታዲየም ደግሞ 70 ሺህ ገደማ ነው የሚይዘው። በ1992 ከነብራስካ ጋር ሲጫወቱ 133.6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ተለክቶበታል። ምስጢሩ ጣሪያው ነው። ከመቀመጫው በላይ የተንጠለጠለው ጣሪያ ጩኸቱን ይይዝና መልሶ ሜዳው ላይ ይደፋዋል። የሲያትል ሀበሻ እንዲያውም ተሳክቶለታል፤ ከሬኒየር ቢች ላይት ሬይል ተሳፍሮ ስታዲየሙ ደጃፍ ይወርዳል። ከኋላ ዋሽንግተን ሐይቅ፣ በጀልባ የሚመጣው ደጋፊ፣ ቀኑ ከጠራ የሬኒየር ተራራ። ፓርኪንግ የሚባል ጣጣ የለም።

አዲስ አበባ ስታዲየም ያደግን ሰዎች ይሄን ማንም አያስተምረንም። ጊዮርጊስና ቡና ሲጫወቱ ጨዋታውን የሚያሞቀው ክቡር ትሪቡን ነበር እንዴ? ካታንጋ ነው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1867 የተመሠረተ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሐኪም የነበሩት ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት ነው። ስታዲየሙ፣ ግሪን ስታዲየም፣ ሰባት ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል። መሀል ዲሲ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ሁለት እርምጃ። ከእኛ ሰፈር አውቶቡስ ይዞ ቁልቁል መውረድ ነው።

እዚያ ስትገቡ መጀመሪያ የምትረዱት ነገር፣ ጨዋታው የፕሮግራሙ አንድ ክፍል እንጂ ሁሉም አለመሆኑን ነው። በጥቁር ኮሌጆች ዋናው እረፍቱ ነው። ሌላ ቦታ እረፍት ሲወጣ ሰው ሆት ዶግ ሊሰለፍ ይነሳል። እዚህ መጸዳጃ ቤት መሄድ ያለበት ሰው ሁለተኛው ሩብ ሳያልቅ ሄዶ ይመለሳል፤ ባንዱ ሲገባ ወንበሩ ላይ መገኘት አለበት። የሃዋርድ ባንድ «ሾውታይም» ይባላል። ከበሮው ጆሮ ሳይሆን ደረት ነው የሚመታው። ዳንሰኞቹ ከፊት፣ ጡሩንባው ከኋላ፣ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ቆመው ሲወዛወዙ። እስክስታ የለመደ ትከሻ እዚያ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሆምካሚንግ የሚባለው፣ የድሮ ተማሪዎች ወደ ግቢያቸው የሚመለሱበት የጥቅምት ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፤ ስታዲየም መግባት ያልቻለው ከገባው ይበልጣል፤ ድግሱም ግቢው ውስጥ ነው። ሲያልቅ በእግራችሁ ወደ ዩ ስትሪትና ናይንዝ ስትሪት ትወርዳላችሁ። ክትፎው አለ።

ከኮሎምበስ

ጋሼ ክትፎ አምጥተው ዳኛውን ሊደልሉ ነው።

ያ የሰሜኑ ቡድን ጸጥተኛ ነው ሲሉኝ እኔ ምን እላለሁ? በደስታ ተስማምቻለሁ። (ኮሎምበስ ስሙን አንጠራም። ከነሱ ጋር በምንጫወትበት ሳምንት ግቢው ውስጥ ባሉ ጽሑፎች ላይ «ኤም» የምትባለው ፊደል ሁሉ በቀይ ቴፕ ትሰረዛለች። እርስዎ ስሙን በሙሉ ሲጽፉ እዚህ ስንት ሰው እንደታመመ አያውቁም።) የሀስኪው ጣሪያም እውነት ነው። ግን እኔ ስለ ዴሲቤል አልተናገርኩም። መቶ ሺህ ሰው አንድ ነገር በአንድ ላይ ሲያደርግ ስለማየት ነው የተናገርኩት። እኛ ጋ አንዱ ጎን «ኦ» ይላል፣ ቀጣዩ «ኤች»፣ ቀጣዩ «አይ»፣ የመጨረሻው «ኦ»። ድምፁ ስታዲየሙን ሲዞር በዓይን የሚታይ ይመስላል። ለዚህ ወንበራችሁ የትም ይሁን የት። እንዲያውም ላይኛው ይሻላል።

ፔን ስቴት ደግሞ በዓመት አንዴ ሕዝቡ ሁሉ ነጭ የሚለብስበት ጨዋታ አለው፤ ኋይት አውት ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። ነጭ ያልለበሰ ሰው ነው ጎልቶ የሚታየው። ማንም «ይሄ ምንድነው?» ሳይላችሁ ጋቢ ለብሳችሁ የምትገቡበት ስታዲየም ይኼ ብቻ ነው። ብርዱን ደግሞ ከጋቢ በቀር የሚችለው የለም። ከዲሲ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፤ እርስዎ ሩቅ ሩቅ ሲሉ የሰማ ሰው አላስካ ይመስለዋል።

ስለ ሃዋርድ አንድ ነገር ልበል፣ እንዳይቀየሙኝ። እዚያ የሞቀዎት ልጅዎ ስለተማረበት ነው። ሆምካሚንግ የቤተሰብ ድግስ ነው። ዝምድና የሌለው እንግዳ ቢሄድ ቆሞ ያያል እንጂ የድግሱ ባለቤት አይሆንም። ትልቁ ስታዲየም ውስጥ ግን ሁሉም ሰው ለጎረቤቱ እንግዳ ነው። ተችዳውን ሲገባ ከማታውቁት ገበሬ ጋር ትተቃቀፋላችሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እና አንቺስ ኦሃዮ ስቴት ስለተማርሽ አይደል?

የጥቁሮች ኮሌጅ ለሀበሻ «ዝምድና የሌለው» ነው የምትዪውን ነገር ግን አልቀበልም። አንዴ ሄደሽ እዪው። በር ላይ ማንም የዘር ሐረግ አይጠይቅሽም፤ ሳህን ነው የሚሰጡሽ፣ ልክ እንደ ሉዊዚያናዎቹ።

ሌላው፣ ትልልቆቹ ጋ ሄዶ የሚበላሽ ቅዳሜ ብዙ ነው። መስከረም ላይ ትንንሽ ኮሌጆችን ገንዘብ ከፍለው ይጋብዛሉ። ሃምሳ ነጥብ ያገቡባቸዋል። ከእረፍት በኋላ ግማሹ ሕዝብ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። መቶ ሺህ የተባለው ቦታ ባዶ ወንበር ሲሆን ማየት ደስ አይልም። ትንሽ ስታዲየም ሲጎድል እንኳ ያን ያህል አያስታውቅም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ቦታ ደግሞ ከስምንቱ ውስጥ የለም። አይዋ ሲቲ፣ ኪኒክ ስታዲየም፣ 69 ሺህ ሰው ገደማ። ከስታዲየሙ ማዶ በ2017 የተከፈተ የሕፃናት ሆስፒታል አለ። ከላይኛው ፎቅ ሜዳው ይታያል። የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። ተጫዋቹ፣ ዳኛው፣ የተቃራኒው ቡድን ደጋፊ ሳይቀር። ፊታቸውን ወደ መስኮቶቹ አዙረው ለታመሙት ልጆች እጃቸውን ያውለበልባሉ። ሐሳቡ የአንዲት ደጋፊ ነው፤ ከላይ የታዘዘ አይደለም። ይሄን አይቶ ጉሮሮው የማይያዝ አባት ካለ ንገሩኝ።

ከኮሎምበስ

አይዋን አልሰጥም! አይዋ የኔ ናት።

አይዋ ሲቲ ትንሽ ከተማ ናት። ስታዲየሙ ሲሞላ የከተማዋን ነዋሪ ሊያክል ምንም አይቀረው። እርስዎ «ቅርብ» ባሉት ሒሳብ ማን ነው እዚያ የሚደርሰው? ደግሞም መስኮቱ ላይ ያለውን ልጅ አስቡት። ሰባት ሺህ ሰው እጁን ቢያውለበልብለት ደስ ይለዋል። ዓይኑ እስከሚደርስበት ድረስ ያለው ሕዝብ ሁሉ ሲያውለበልብለት ግን፣ ነገሩን ያን ነገር ያደረገው ብዛቱ ነው። የእኔ ክርክር በሙሉ እሱ ነው፣ ጋሼ ራስዎ ተናገሩልኝ።

የመስከረሙ ጨዋታ ላይ የተናገሩት እውነት ነው፤ ሰው ይስማዎት። መርሐ ግብሩን ሳታዩ ቲኬት አትግዙ። ተጋጣሚው ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁት ኮሌጅ ከሆነ እለፉት፤ ቲኬቱ የረከሰው ለዚያ ነው። ከጥቅምት ወዲህ ያለውን፣ ከጎረቤት ስቴት ጋር የሚደረገውን ምረጡ። ዳላስ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ጭራሽ መኪና አታስነሱ። ቴክሳስና ኦክላሆማ በየጥቅምቱ ኮተን ቦውል ስታዲየም ይገናኛሉ፣ በስቴቱ ባዛር መሀል። ስታዲየሙ እኩል ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ብርቱካናማ፣ ግማሹ ቀይ። መስመሩ ያለው መሀል ሜዳው ላይ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ዳላስን ስትጠሪ ወደ እኔ ሐሳብ መጣሽ፤ ለዳላስ ሰው ቅርብ ነዋ።

ልጆች ላሏችሁ አንድ ልጨምርና ላብቃ። አናፖሊስ። የባሕር ኃይል አካዳሚው ስታዲየም 34 ሺህ ሰው ነው የሚይዘው። ከጨዋታው በፊት ካዴቶቹ በሺዎች ሆነው ነጭ ባርኔጣቸውን አድርገው ከአካዳሚው ተነስተው በከተማው መሀል በሰልፍ ይመጣሉ። ልጆቻችሁ መንገድ ዳር ቆመው በነፃ ያያሉ። ሲያልቅ፣ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም፣ ተጫዋቾቹ ካዴቶቹ ፊት ቆመው የትምህርት ቤቱን መዝሙር አብረው ይዘምራሉ። ውስጡ የሚታይ ቦርሳ ብቻ ስለሚያስገቡ የሕፃን ዕቃ የያዛችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ለእራት ቤታችሁ ናችሁ። የስቴት ኮሌጁ ሰው ያን ሰዓት ገና ከፓርኪንግ አልወጣም።