እርማት፦ ተሳቢውን ቀድሞ መፍታት አደጋ ነው
ወንድሜ፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ሲሄድ የጎማ ዘንጉ ለተሰበረበት መኪና ጫኝ ተሳቢ «መጀመሪያ ከጎታቹ መኪና ፍቱት፣ ከዚያ የተጫነውን ፒካፕ ወደ ኋላ አውርዱ» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚያምነው ስሕተት ነው። ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን ፒካፕ ከተሳቢው ጎማዎች ኋላ ሲያልፍ ጅራቱ ይዘቅጣል፤ የፊት መጋጠሚያው ሽቅብ ይወረወራል፣ አጠገቡ የቆመውን አገጭ ይዞ። ስለዚህ እንደተያያዘ ይቆይ። የጎታቹ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማዎቹ ታኮ ይግባላቸው፣ ከተሳቢው ጅራት ሥር ግንድ ይደርደር፤ ከዚያ ፒካፑን የያዘውን የዊንቹን (የካቦ ማጠንጠኛውን) ካቦ ቀስ እያሉ መልቀቅ ነው። የመጎተቻ ኳሱ (ተሳቢው ከጎታቹ የሚያያዝበት ብረት) ላይ ሰንሰለት አስሮ መንጨቅማ አይታሰብ፤ ኳሱ ተቆርጦ እንደ ጥይት ይበራል። በክረምት፣ በፎገራ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ላይ፣ ክሪኩ ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ ካልገባለት ይሰምጣል።