የዘጠኝ ቀኑ ሊቅ

ቅኔ ሊማር ዋሸራ የወረደ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ኮቾሮውን ለምኖ፣ ከመንደሩ ውሻ ጋር እየታገለ ዓመታት ይፈጃል። ያን ሁሉ ቆይቶም መምህሩ "ገና ነህ" ሊሉት ይችላሉ። የሰፈራችን ሰው ግን ዱባይን በዘጠኝ ቀን ጨርሶ ደብረ ማርቆስ ገባ። ከዘጠኙም አንዱን ቀን ሙሉ ተኝቶ ነው የዋለው። ሙቀቱ ነው አለ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት አገር ሊኮራበት ይገባል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈልቶ፣ ፈንድሻ ቀርቦ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። እኔም ሄድኩ። ለወሬው ብዬ እንዳይመስላችሁ። ሽቶ እየታደለ ነው ሲባል ሰምቼ ነው። የደረሰኝ ግን አንድ ፍሬ ቸኮሌት ነው። እሱን እያላመጥኩ ባለቤቱ ያለውን ሁሉ "ይገርማል!" እያልኩ ተቀበልኩ።

ሰውየው ከተመለሰ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የእጅ ሰዓቱ ግን ገና አልተመለሰም። ሐምሌ ነው፣ ደመናው ጣራ ነክቷል፣ ፀሐይ የት እንዳለች አይታወቅም። አንዲት ጎረቤታችን "ስንት ሰዓት ሆነ?" ብትለው ሰዓቱን ገልጦ አየና "አስር" አላት። ሴትዮዋ "ውይ! ሰውዬው ምሳ ሳይበላ ዋለ!" ብላ ነጠላዋን አፈፍ አድርጋ ወጣች። ለካ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። የእሱ አስር የዱባይ አስር ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ያውም ከእኛ አንድ ሰዓት ቀድሞ። እኛ ወደ ኋላ የቀረነው በዚህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ ብሎ አዘነልን።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። ሾፌር የለውም። በፈረንጆቹ 2009 ሥራ የጀመረ ባቡር ነው፤ እሱ ግን ባለፈው ወር ስላየው አዲስ ነው።

"ታዲያ ማን ያቆመዋል?" አሉ አንዲት እናት።

"ኮምፒውተር።"

"የኛውስ ሚኒባስ ሾፌር እያለው መች ይቆማል።"

ባቡሩ ውስጥ መብላትም መጠጣትም ክልክል ነው። መቶ ድርሃም ያስቀጣል። ማስቲካም አይቻልም። የኛ ሰው ይህን ያወቀው ማስቲካውን እያላመጠ ከገባ በኋላ ነው። ዋጠው። "ሕግ ሕግ ነው" አለን፣ ኮራ ብሎ። "እዚያ እኮ ወረቀት መሬት ላይ አታይም!" ይህን ብሎ የቸኮሌቱን ወረቀት ጨመቅ ጨመቅ አደረገና በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት ወረወረው።

አትፍረዱበት። ደንቡ የዱባይ ነው። እዚህ አምጥቶ ማባከን አይገባም። ደግሞ ሻንጣው ሽቶና የስልክ ቻርጀር ሞልቶታል፤ ደንብ የት ይክተተው?

ቀጥሎ ቡርጅ ኸሊፋ ላይ ደረስን። 828 ሜትር። መቶ ሃያ አራተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ከተማውን ማየት ይቻላል። ትኬቱ ስለተወደደበት እሱ ወደ ላይ የላከው አንገቱን ብቻ ነው። ፎቶው ግን አለ። ሁለት መቶ ያህል። ሁሉንም አየን፤ በአብዛኞቹ ፎቁ ወገቡ ላይ ተቆርጧል፣ እሱ ግን ሙሉ ነው።

ጥግ ላይ የተቀመጡት መሪጌታ እስካሁን ዝም ብለው ነበር።

"ቡርጅ ምን ማለት ነው፣ ልጄ?"

"በዐረብኛ ማማ ማለት ነው፣ የኔታ።"

"ውሃስ ከየት ይጠጣሉ?"

"ከባሕር። ጨዉን እያጣሩ።"

"እኛም ማማ አለን እኮ። ጮቄን የውሃ ማማ ይሉታል፤ ስንቱ ወንዝ ከእሱ ተነሥቶ ነው ዓባይ የሚገባው። ከፍታውም ከ4,000 ሜትር በላይ ነው ይላሉ። ወጥተህ ታውቃለህ?"

"ሊፍት አለው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም። እኔ በበኩሌ ጥያቄው ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ከጮቄ ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው ጮቄን የሚያየው ከዱባይ መልስ ቢሆን ምን አለበት? ማወዳደሪያ ያስፈልጋል።

መሐል ላይ እናቱ ስለ እህቱ ጠየቁት። እዚያ በሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። "ደህና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች" አለና ወደሚጨፍረው ፏፏቴ ዞረ። ፏፏቴው ረጅም ጊዜ ወሰደ። በእጁ እየጨፈረ ነበር የሚያስረዳን።

ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ለአዲስ አበባ መኪና መናኸሪያ ሄድኩ። 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሐሉ የዓባይ በረሃ ነው፤ ያልማለደ አይሆንለትም። ከሠላሳ ሰው ኋላ ተሰልፌያለሁ። ካፊያው አላቆመም። ድንገት የማውቀው ሽቶ አጠገቤ ሽው አለ። የኛው ሊቅ ነው። ወረፋውን ገልመጥ አድርጎ አልፎ፣ ለረዳቱ በጨበጣ አንዳች ነገር ሰጠና ሻንጣውን በመስኮት አስገባ። ሻንጣው ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ያዘ። ከዚያ ራሱም ገብቶ ተመቻቸ። ሙዝ ላጠ። ልጣጩ በመስኮት ወርዶ እግሬ ሥር አረፈ።

ያን ጊዜ አየኝ። አንገቱን አወጣና ወደሚጋፋው ሰው እየጠቆመ ራሱን ነቀነቀልኝ።

"አየህ ወንድሜ፣ ዱባይ ቢሆን ይሄ ሁሉ ሰው በሥርዓት ተሰልፎ ነበር!"