አበባው ምን አጠፋ?

የቤት ማስዋቢያ ገጾችን የሚከታተል ሰው ቺንትዝ የሚባለው ባለአበባ የጥጥ ጨርቅ መመለሱን ሳያይ አልቀረም። ሶፋው አበባ፣ መጋረጃው አበባ፣ ትራሱ አበባ፣ አንዳንዴ ግድግዳው ሳይቀር አበባ። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ደግሞ ያው ነው፦ «የእንግሊዝ አሮጊቶች ቤት መሰለ»።

የሚወደውም የሚጠላውም አንድ ነገር ላይ ይስማማል፤ ጨርቁ የእንግሊዝ ነው ይላል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቺንትዝ የህንድ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ህንድ፣ በኮሮማንዴል ጠረፍ፣ በተለይ በማሱሊፓትናም ወደብ አካባቢ በእጅ ይሠራ የነበረ የጥጥ ጨርቅ። እንግሊዞቹ መጀመሪያ ወደዱት፣ ቀጥለው ከለከሉት፣ ከዚያ ቀዱት፣ በመጨረሻም በማሽን አረከሱትና የራሳቸው አስመሰሉት።

የአሠራሩ ጣጣ ቀላል አልነበረም። ጨርቁ አስቀድሞ ከአንድ የዛፍ ፍሬና ከጎሽ ወተት በተዘጋጀ ውሃ ይነከራል። ከዚያ ባለሙያው በቀርከሃ ብዕር ሥዕሉን ይነድፋል፤ ጥቁር የሚሆነውን ብረት በተዘፈዘፈበት ፈሳሽ፣ ቀይ የሚሆነውን በሸብ። ጨርቁ ቻይ ከሚባል ተክል ሥር ጋር ሲቀቀል ቀዩ የሚይዘው ሸቡ ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ታጥቦ ይለቃል። ለሰማያዊው ደግሞ ሰማያዊ ከሚሆነው ቦታ በስተቀር ጨርቁ በሙሉ ሰም ይቀባና ኢንዲጎ የሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ሰሙ በፈላ ውሃ ይለቀቃል። አረንጓዴ ከተፈለገ በሰማያዊው ላይ ቢጫ ይደረባል። ይሄ ቢጫ ነው ጉዱ፤ ከሌሎቹ ቀድሞ ይለቃል። ሙዚየም ውስጥ ባሉ አሮጌ ቺንትዞች ላይ ሰማያዊ ቅጠል ካያችሁ ሠሪው ተሳስቶ አይደለም፣ ቢጫው ሄዶ ነው።

ያኔ አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ዓይነት፣ ታጥቦ ቀለሙ የማይለቅ ባለብዙ ቀለም ጥጥ የሚሠራ አልነበረም። ስለዚህ አበዱለት። ሳሙኤል ፔፒስ የተባለው የለንደን ባለሥልጣን በ1663 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለሚስቱ የንባብ ክፍል መሸፈኛ ቺንትዝ ገዝቶ በማስታወሻው ጽፎታል።

እሺ፣ የእንግሊዞቹንም ድርሻ አንካድ። በ1643 ከህንድ ጋር ይነግድ የነበረው የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከለንደን በላከው ትእዛዝ መደቡ ነጭ እንዲበዛ፣ አበባና ቅርንጫፉም መሐል ላይ በቀለም እንዲሆን ጠይቋል። ዛሬ «የእንግሊዝ ስታይል» የምንለው ነጭ መደብ ያኔ የደንበኛ ትእዛዝ ነበር። አዛዥ ግን ሠሪ አይደለም።

ከዚያ ሸማኔዎቹ ጮኹ። ሱፍና ሐር የሚሸምነው ሁሉ ገበያው ተወሰደበት። ፈረንሳይ በ1686 ከለከለች፣ እስከ 1759 ድረስም አላነሳችም። እንግሊዝ በ1700 ባለቀለሙ የእስያ ጥጥ አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕግ አወጣች። ነጩን ማስገባት ስላልተከለከለ የለንደን አታሚዎች ነጩን እያስመጡ አበባውን እዚያው ያትሙበት ጀመር። በ1719 ስፒታልፊልድስ የሚባለው የለንደን ሰፈር ሸማኔዎች መንገድ ላይ የጥጥ ልብስ የለበሱ ሴቶችን እያሳደዱ ልብሳቸውን ቀደዱ፣ ቀለምና አሲድ ደፉባቸው። ለአበባ ቀሚስ! ፓርላማውም ሁለት ዓመት ቆይቶ የታተመ ጥጥን መልበስንም ቤት ውስጥ መጠቀምንም ከለከለ። ይሄኛው ክልከላ የተነሳው በ1774 ነው፤ የአገር ውስጡ ኢንዱስትሪ በእግሩ ሲቆም ማለት ነው። ከህንድ ተሥሎ የሚመጣው ግን ያኔም አልተፈቀደም።

ታዋቂው ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ ይሄን በራሱ አየው። ከካልካታ ለሚስቱ በስጦታ የተላከውን የአልጋ መጋረጃ ጉምሩክ ወረሰበት። በ1775 ለግምጃ ቤቱ ባለሥልጣን ደብዳቤ ጽፎ ተለማምጧል። አልጋው ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አለ፤ የጉምሩክ ጣጣ የትም ያው ነው።

በመካከሉ የመዳብ ሰሌዳ ኅትመት መጣ፣ በ1783 ደግሞ ቶማስ ቤል ለሲሊንደር ማተሚያ የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ ወዲያ ጨርቁ በጥቅል በጥቅል መውጣት ጀመረ። ረከሰ። ሁሉም ቤት ገባ። ሁሉም ቤት ሲገባ ደግሞ ሀብታሞቹ ጠሉት። በ1996 የቤት ዕቃ ሻጩ አይኪያ እንግሊዝ ውስጥ «ቺንትዛችሁን አውጥታችሁ ጣሉ» የሚል ማስታወቂያ አስነገረ፤ ብዙ ሰው እየሳቀ ጣለ።

እኔ የምለው፣ የተጠላው የማሽኑ ኮፒ ነው፣ ስሙን ያጣው ግን ዋናው። ሶፋችሁን በፈለጋችሁት አልብሱ፣ ጣዕም የግል ነው። ነጋዴዎቹ ግን «የእንግሊዝ ባህላዊ አበባ» እያሉ ሲሸጡ ማሱሊፓትናምን አንዴ እንኳ ቢጠሩ ምን ይጎድልባቸዋል? የእጅ ሥራውን የሚፈልግ ደግሞ አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ ስሪካላሃስቲ በምትባል ከተማ አሁንም በቀርከሃ ብዕር የሚሥሉ አሉለት። ዋጋው ከማሽኑ ጋር አይገናኝም፤ እባካችሁ አትከራከሯቸው።