240 እግር ይዛ መቆም ያቃታት

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። አሮጌ ስል ግን እንደ ጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰው ከሩቅ መጥቶ የሚጎበኘው ዓይነት አይደለም። ቢመጣም እስኪከፈት ጠብቆ የሚያይ ትዕግሥተኛ አይገኝም። ጠዋት ማብሪያውን ተጭኜ ወደ ቡናው እሄዳለሁ። አቦል ሲቀዳ የዊንዶውስ አርማ ብቅ ይላል። ቶና ላይ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። በረካ ሲደርስ ዴስክቶፑ ይታያል፤ ማውሱ ግን ገና አይንቀሳቀስም። ጅማ ለሚኖር ሰው ይሄ ትልቅ በደል አይደለም። ቡናው እጅህ ላይ፣ ዝናቡ ጣራህ ላይ፤ ወዴት ይኬዳል?

ለምጄው ነበር። ሰላሜን የነሳኝ የእህቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ነው የሚማረው። ለበዓል መጥቶ «አንዴ ፋይል ልክፈት» ብሎ ተቀመጠ። ቡናው አለቀ፣ እሱ እንደተቀመጠ ነው። በመጨረሻ «አጎቴ፣ ይሄ እኮ 2 ጂቢ ራም ነው ያለው። የኔ ስልክ ይበልጠዋል» አለኝ። ሰው በገዛ ቤቱ እንዲህ ይሰደባል?

እሱ እንደሄደ ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ልገዛ መርካቶ ወረድኩ። የኛን መርካቶ ማለቴ ነው፤ ለመርካቶ ሲባል 350 ኪሎ ሜትር አይኬድም። ሻጩ ኮምፒውተሬ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ሁለታችንም ጨዋ ነን። «4 ጂቢ፣ አሪፍ ናት» ብሎ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩን የጅማ በርጩማ ላይ አጋደምኩትና ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታሁት። በኛ ሰፈር የሆነ ነገር ከፍተህ ብቻህን አትቆይም። በግ የታረደ ይመስል ሰው ይሰበሰባል። መጀመሪያ ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር መጡ። ቀጥሎ እትዬ፣ ከነረከቦታቸው ባይሆንም ከነአስተያየታቸው። ከዚያ ባለሱቁ ሐጂ፣ ሱቃቸውን ለልጅ ትተው። ታማሚ ጥየቃ ነው የሚመስለው፤ የቀረው ብርቱካን ብቻ ነው።

ራሟ አልገባ አለች። ገፋኋት፣ አልገባችም። ገልብጬ ገፋኋት፣ ባሰባት። ሹፌሩ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ምን ያስጨንቅሃል? ይቺ ቀዳዳ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ነው። ሞረድ አምጣ» አሉኝ።

ሞረዱ ሊመጣ ነበር፤ ኋላ ሰው ሲሰማ የሚያፍርበት ነገር ስለሆነ ነው እንጂ ሄጄ ፈልጌው ሁሉ ነበር። ያዳነን የጎረቤት ልጅ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ዲዲአር 3 ነው፤ የእርስዎ ዲዲአር 2 ነው የሚፈልገው» አለኝ። ለካ ዲዲአር የራም ትውልድ ነው፤ ሁለቱም 240 ፒን አላቸው፤ እግር በሏቸው። ርዝመታቸውም አንድ ነው። መሐል ላይ ያለችው ጭረት፣ ሹፌሩ ቀዳዳ ያሏት፣ ግን ቦታዋ የተለያየው ሆን ተብሎ ነው። አንደኛዋ በ1.8 ቮልት፣ ሌላኛዋ በ1.5 ቮልት ነው የምትሠራው። ጭረቷ የቆመችው እንደኔና እንደ ሹፌሩ ላለው ሰው ነው ማለት ነው። በሞረድ ሊመጣባት እንደሚችል የሠራት መሐንዲስ የገመተ አይመስለኝም፤ የኛን ሰፈር አያውቅም።

ተመልሼ አስለወጥኩ። ሻጩ ምንም አልከፋውም፤ «ዲዲአር 2ም አለ» ብሎ ሌላ 4 ጂቢ አወጣ። ይቺኛዋ ሰተት ብላ ገባች። ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ጨለማ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ... ማለት ጀመረ።

ይሄ ድምፅ ቋንቋ ነው። ስክሪን ላይ መጻፍ ያቃተው ማዘርቦርድ፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ሕመሙን የሚናገረው በጩኸት ቁጥርና ርዝመት ነው፤ ቋንቋው በየፋብሪካው ይለያያል። በኛ ሰፈር ግን አስተርጓሚ ሞልቷል። ሹፌሩ «ባትሪው ደክሟል» አሉ። ሐጂ «አዲሷን ከሩቅ አገር ስላመጣህበት አልለመዳትም፣ ትንሽ ይተዋወቁ» አሉ። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ የእህትህ ልጅ ሲያየው ማሻ አላህም ስመ ሥላሴም ብሏል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔን ደግሞ ያናደደኝ ሌላ ነው። የተቀመጠበት በርጩማ ዕድሜውን ሙሉ በ3 እግር ቆሞ ኖሯል። ይቺ 240 እግር ይዛ አንድ ቀን መቆም አቃታት!

ልጁ «አንድ በአንድ እንሞክር» አለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። አንድ በአንድ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም። ጉንፋን ሲይዘን ዝንጅብሉን፣ ዳማከሴውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ክኒኑንና ጠበሉን በአንድ ቀን ነው የምንወስደው። ሲሻለን የትኛው እንዳዳነን አናውቅም፤ ማወቅም አንፈልግም። ስለዚህ ልጁ አዲሷን አውጥቶ የድሮዋን ሲመልስ፣ እኔ እግሮቿን በላጲስ ጠረግኩ። ሹፌሩ የስክሪኑን ገመድ ነቅለው መልሰው ሰኩ። ሐጂ ጎኑን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት። ማዘርቦርዱ ላይ በእርግጥም እንደ ሳንቲም የከበበች ባትሪ ተገኘች፤ ሹፌሩ «አላልኳችሁም?» ብለው በድል ነቅለው መለሷት። እትዬ ጸለዩ። ማብሪያው ሲጫን በራ።

አምስት ባለውለታ በአንድ ጊዜ ተነሣብኝ። ላጲሱ፣ ገመዱ፣ ጥፊው፣ ባትሪው፣ ጸሎቱ። ላጲሱ እውነትም ይሠራል፤ የደበዘዘውን የእግሮቹን ገጽ ያጸዳል፤ ብናኙ በደንብ ከተራገፈ። ባትሪውን መንቀልም የተበላሸ ቅንብር ያስረሳል፤ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለ። ግን የትኛው ነው ያዳነው? ባትሪዋ በመነቀሏ ቀኑ ራሱ ጠፍቶ ስክሪኑ ላይ 2007 ይላል። እትዬ «በኛ ነው በፈረንጅ?» አሉ። በሁለቱም ቢሆን እኔ ወጣት ነበርኩ።

ልጁ ግን ፊቱ አልፈታም። «ጋሼ፣ ምንም አላወቅንም እኮ» አለ። ሁላችንንም ግድግዳ ጥግ አስደገፈና ብቻውን ጀመረ። የድሮዋን ሁለተኛው ስሎት (የራም መሰኪያ) ላይ፣ በራ። ስለዚህ ስሎቶቹ ደህና ናቸው። አዲሷን ብቻዋን አንደኛው ላይ፣ ሁለቱ መቀርቀሪያዎች ቀጭ እስኪሉ ተጭኖ፣ ጢጥ። ሁለተኛው ላይ፣ ጢጥ። በየመሐሉ ገመዱን ከሶኬት ይነቅላል፣ ከብረቱ ጋር እጁን ያነካካል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ዝም ብለን ማየት እንዴት እንደከበደን አትጠይቁኝ። ሹፌሩ ሁለቴ እጃቸውን ዘርግተው ሁለቴ ራሳቸው መለሱት።

ማታ ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። የራሟን ጽሑፍ አነበብኩለት። ሳቀ። ርካሽ ሆነው ከሚሸጡት ባለ 4 ጂቢ ዲዲአር 2ዎች ብዙዎቹ ኤኤምዲ ለሚባለው ፋብሪካ ፕሮሰሰር በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ብቻ ነው የሚሠሩት አለኝ። የኔ የተፎካካሪው የኢንቴል ነው። ቁመቷ ልክ፣ ጭረቷ ልክ፣ ቮልቷ ልክ፤ ግን የሌላ ቤት ልጅ ናት። መፍትሔው ሁለት ባለ 2 ጂቢ ነው። የድሮዋ አለች፤ ጓደኛዋን ከአንድ ጓደኛዬ የሞተ ኮምፒውተር ውስጥ አወጣናት። ገጠምናቸው፤ በራ። አቦል ላይ ይለፍ ቃል ጠየቀ! ሰፈሩ አጨበጨበ።

ችግሩ የመጣው «ሲስተም» የሚለውን ገጽ ከፍቼ ጮክ ብዬ ሳነብ ነው። 4.00 ጂቢ ይላል። ጎኑ ላይ ደግሞ «የሚሠራው 3.25» ይላል።

ሐጂ ብድግ አሉ። «ምን አልክ?»

«3.25።»

«ከአራት?»

«ከአራት።»

ሐጂ ዕድሜያቸውን በሚዛን ፊት የጨረሱ ሰው ናቸው። ሦስት ሩብ ጎደለ ሲባሉ ዝም አይሉም። ማን ወሰደው? ሻጩ? ጓደኛዬ? ልጁ ሲያጋባ? ሹፌሩ ላጲሱን ጠረጠሩ፤ ፍቀህ ፍቀህ ጨረስከው አሉኝ። ልጁ ሊያስረዳ ሞከረ። ዊንዶውሱ 32 ቢት ነው፤ መስጠት የሚችለው 4,294,967,296 አድራሻ ብቻ ነው። እንደ ቀበሌ አስቡት አለ። የቤት ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ከቁጥሩ ላይ ለግራፊክስ ካርዱና ለሌሎቹ ዕቃዎች ይታደላል። የራሙ መጨረሻ ላይ ያሉት ቤቶች ተሠርተው ቁጥር ያጣሉ። ቁጥር የሌለው ቤት ደግሞ...

«ሕገ ወጥ ነው» አሉ እትዬ። ከሁላችን ቀድመው ገባቸው።

64 ቢት ቢጫን ቁጥሩ ይተርፋል፤ ፕሮሰሰሬም ይችላል። እኔ ግን አልጫንኩም። ፕሪንተሬ ከኮምፒውተሬ ይበልጥ አሮጌ ነው፤ የሚያውቀው 32 ቢት ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ለመክፈት ሰፈሩን እንደገና መጥራት ሊኖርብኝ ነው።

ሐጂ ግን አልተዋጠላቸውም። ትናንት ስኳር ልገዛ ሱቃቸው ሄድኩ። አንድ ኪሎ መዘኑልኝ። ሚዛኑ ልክ ሲቆም ሌላ ጭልፋ ጨመሩበት፣ ከረጢቱን አሰሩ፣ በቀኝ እጃቸው ሰጡኝና ወደ ሚዛናቸው በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«የኔ» አሉ፣ «64 ቢት ነው።»